አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፦ የጤና ባለሙያ የመጀመሪያ ትምህርት

ነርስ፣ አዋላጅ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ፋርማሲስት ወይም ሐኪም ለመሆን የተነሳ ሰው ሁሉ ሕመምተኛ ፊት ከመቆሙ በፊት የሚያልፍበት አንድ ትምህርት አለ። በኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ኮሌጆች በመጀመሪያዎቹ ሴሚስተሮች ይሰጣል። በአሜሪካ ደግሞ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ለማመልከት አስቀድሞ መጠናቀቅ ያለበት ኮርስ ነው። አናቶሚ የሰው አካል ከምን ከምን እንደተሠራና እያንዳንዱ ክፍል የት እንደሚገኝ ያስተምራል፤ ፊዚዮሎጂ ደግሞ ያ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። ለሕክምና ዶክትሬት ተማሪዎች ሁለቱ ተለያይተው በስፋት ይሰጣሉ። ለሌሎቹ ሙያዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ላይ ተጣምረው ይቀርባሉ።

ማጣመሩ ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የተደረገ ቢመስልም፣ በእኔ እምነት ትክክለኛው አቀራረብ እሱ ነው። የአንድ አካል ቅርጽ ከሥራው ተለይቶ ሲጠና የስም ዝርዝር ብቻ ይሆናል። የዚህ ኮርስ ዋነኛ ሕመምም ይኸው ነው። ተማሪው የአዋቂን 206 አጥንቶችና ከአንጎል የሚወጡትን 12 ጥንድ ነርቮች ሸምድዶ ፈተና ይቀመጣል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ አብዛኛው ከአእምሮው ይጠፋል። የማይጠፋው ምክንያቱ የታወቀ ነገር ነው። ይህ አካል ለምን እንዲህ ሆነ? ቢበላሽስ ምን ይከተላል? በእያንዳንዱ ምዕራፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የሚጠይቅ ተማሪ ስሞቹንም ሳይቸገር ይይዛቸዋል።

የኮርሱ ቅደም ተከተል በየትኛውም አገር ብዙ አይለያይም። ከመሠረታዊ ኬሚስትሪና ከሴል ይነሳል፤ ሴሎች ተሰባስበው የሚሠሯቸውን አራት የቲሹ ዓይነቶች ያያል፤ ከዚያ አሥራ አንዱን የአካል ሥርዓቶች በየተራ ይዘልቃል። ቆዳ፣ አጥንት፣ ጡንቻ፣ ነርቭ፣ ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች፣ ልብና የደም ሥር፣ የሊምፍና የበሽታ መከላከያ፣ የመተንፈሻ፣ የምግብ መፍጫ፣ የሽንትና የሥነ ተዋልዶ ሥርዓቶች ናቸው።

ይህ ዕውቀት በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በሮም ይሠራ የነበረው ሐኪም ጋለን የጻፈው ከ1,300 ዓመታት በላይ እንደ መጨረሻ ቃል ተይዞ ኖሯል። ጋለን ዕውቀቱን ያገኘው በአብዛኛው ዝንጀሮዎችንና አሳማዎችን በመክፈት ነበር። በእሱ አስተምህሮ ደም በጉበት ይመረታል፣ ሰውነት እየተጠቀመበት ያልቃል፤ የተወሰነውም በልብ መካከለኛ ግድግዳ ላይ ባሉ በማይታዩ ቀዳዳዎች ከቀኝ ወደ ግራ ይሾልካል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኢብን አል-ነፊስ ግን ግድግዳው ቀዳዳ እንደሌለውና ደሙ በሳንባ በኩል ዞሮ እንደሚያልፍ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1543 በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አንድሬያስ ቬሳሊየስ በገዛ እጁ የሰው አስከሬን እየከፈተ ያየውን በትላልቅ ሥዕሎች አሳተመ፤ በርካታ የጋለን ስህተቶችም በዚያ ታረሙ።

ለተማሪ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን የዊሊያም ሃርቪ መንገድ ይመስለኛል። ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ደም እንደሚዘዋወር ያሳየው በዋናነት በስሌት ነው። ስሌቱን ዛሬ በምናውቃቸው ቁጥሮች እንሥራው። ልብ በአንድ ምት ወደ 70 ሚሊ ሊትር ደም ትረጫለች። በደቂቃ 70 ጊዜ ብትመታ ወደ 5 ሊትር፣ በሰዓት ደግሞ ወደ 300 ሊትር ይሆናል። በአዋቂ ሰው ውስጥ ያለው ደም ግን በጠቅላላው 5 ሊትር ገደማ ነው። ጉበት በየሰዓቱ 300 ሊትር አዲስ ደም ሊሠራ ስለማይችል፣ ያው ደም ነው ተመልሶ የሚመጣው። ሃርቪ የተጠቀመባቸው ግምቶች ከዚህ በጣም ያነሱ ነበሩ፤ እንደዚያም ሆኖ መደምደሚያው አልተለወጠም። ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በየት በኩል እንደሚሻገር ግን ሳያይ በ1657 ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ ማርቼሎ ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ላይ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች በማይክሮስኮፕ ተመለከተ።

ልብን በቅርብ ለማየት የግድ የተሟላ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በበዓል በግ የታረደበት ቤት ያለ ተማሪ ልቡን ታጥቦ ከመከተፉ በፊት ተቀብሎ አግድም ቢቆርጠው ሁለቱ የታችኛ ክፍሎች ወለል ብለው ይታዩታል። የግራው ግድግዳ ከቀኙ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። የቀኙ ክፍል ደሙን የሚልከው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ በመሆኑ በሰው ላይ ግፊቱ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ቢሆን ይበቃዋል። የግራው ግን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ስለሚያደርስ ወደ 120 መድረስ አለበት። የውፍረቱ ልዩነት የመጣው ከሥራው ብዛት ነው። በቫልቮቹ ጫፍ ላይ የተያያዙት ነጫጭ ክሮችም ቫልቩ በግፊት ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ ይይዙታል። ይህን በእጁ የዳሰሰ ተማሪ በኋላ የልብ ድካም ሲማር አይቸገርም። የግራው ክፍል ሲደክም ደም ወደ ኋላ ሳንባ ላይ ስለሚጠራቀም ሕመምተኛው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የቀኙ ሲደክም እግር ያብጣል።

የፊዚዮሎጂ ማዕከላዊ ሐሳብ ሆሚዮስታሲስ ይባላል። በውጭ ብርዱም ሙቀቱም ቢለዋወጥ፣ ሰው ቢጠግብም ቢጾምም፣ በሴሎች ዙሪያ ያለው ፈሳሽ በጠባብ ልክ ውስጥ ይጠበቃል። የደም ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ከ7.35 እስከ 7.45፣ የሰውነት ሙቀትም 37 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ሐሳቡን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያነሳው ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር ነው፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያወጣለት ደግሞ አሜሪካዊው ዋልተር ካነን። ልኩ የሚጠበቀውም ሰውነት የራሱን ውጤት እየተከታተለ ሲበዛ በመቀነስ፣ ሲያንስ በመጨመር ነው።

ለኢትዮጵያ ተማሪ ከእንቅርት የተሻለ ምሳሌ የለም። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ያስፈልገዋል። በደጋው አካባቢ ዝናብ ለብዙ ዘመን አፈሩን ስላጠበው እህሉም ውኃውም አዮዲን ያንሰዋል። አዮዲን ሲያንስ በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ይቀንሳል። በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ መቀነሱን አውቃ ታይሮይዱን የሚያነቃቃ ሆርሞን አብዝታ ትልካለች። ታይሮይዱ ትዕዛዙን ተቀብሎ ያድጋል፤ ጥሬ ዕቃው ስለሌለ ግን ማምረት አይችልም። ትዕዛዙ አያቋርጥም፣ ዕጢውም ማደጉን ይቀጥላል። በየገበያው የምናያቸው እናቶች አንገት ላይ ያለው እብጠት እንዲህ የመጣ ነው። መፍትሔው በጨው ውስጥ አዮዲን መጨመር የሆነውም ለዚህ ነው። ይህን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ መናገር የሚችል ተማሪ የሆርሞን ምዕራፍን ግማሹን ጨርሷል ማለት ይቻላል።

የሴል ሽፋንን የሚመለከተው ምዕራፍ ተማሪዎችን ብዙ ጊዜ ያሰለቻል። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ግሉኮስ በየትኛው በር ገቡ፣ በየትኛው ወጡ እየተባለ ይዘለቃልና። ነገር ግን በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሕፃናትን ካተረፉት ግኝቶች አንዱ ከዚያ ምዕራፍ ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ክሬን በአንጀት ግድግዳ ላይ ግሉኮስና ሶዲየም ተያይዘው በአንድ በር እንደሚገቡ አቀረበ። ሶዲየም ሲገባ ውኃ ይከተለዋል። የኮሌራ መርዝ አንጀት ውኃ እንዲያፈስ ያደርጋል፤ ያንን በር ግን አይዘጋውም። በየጤና ጣቢያው ሕይወት አድን እየተባለ የሚሰጠው የኦአርኤስ ከረጢት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። አሁን በሚሠራበት ቀመር አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሲበጠበጥ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይይዛል። ስኳሩ ለጣዕም አልተጨመረም፤ ያለ እሱ ጨውና ውኃው እንደሚፈለገው አይገቡም። እናት በግማሽ ሊትር ብትበጠብጠው ወይም ተጨማሪ ስኳር ብትነሰንስበት ብጥብጡ ይወፍርና ውኃን ወደ አንጀት ሊስብ ይችላል። በትክክል እንድትበጠብጥ የምታስረዳ ነርስ እያስተማረች ያለችው የሴል ፊዚዮሎጂን ነው።

አናቶሚም እንዲሁ በእጅ ላይ ይወርዳል። መርፌ መውጋት ቀላል ሙያ ይመስላል። መቀመጫ ላይ የሚወጋ ባለሙያ ግን በአእምሮው አንዱን መቀመጫ በመስቀል አራት ቦታ ከፍሎ በላይኛው ውጫዊ ሩብ ላይ ብቻ መውጋት አለበት። ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ የሚወፍረው ሳያቲክ ነርቭ በታችና ወደ ውስጥ ባለው በኩል ያልፋል። መርፌው ከነካው እግር ሊሰንፍ፣ ሕመምተኛውም ዕድሜውን ሙሉ እግሩን እየጎተተ ሊሄድ ይችላል። ገና መራመድ ያልጀመረ ሕፃን ደግሞ የመቀመጫ ጡንቻው ስላልዳበረ ክትባቱ ጭኑ ላይ፣ በፊት በኩል ወደ ውጭ ባለው ጡንቻ ይሰጠዋል። አዋላጇም ሕፃኑ እንደተወለደ ወዲያው ጡት እንዲይዝ የምታደርግበት አንዱ ምክንያት ከዚሁ ትምህርት ይመዘዛል፦ ሲጠባ ከፒቱታሪ የሚለቀቀው ኦክሲቶሲን ማህፀኑን አጠንክሮ ደም መፍሰሱን ይቀንሳል።

በኢትዮጵያ ይህ ትምህርት በተደራጀ መልክ ለመካከለኛ የጤና ባለሙያዎች የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጀምሮ ነው። ጎንደር የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ አሠለጠነ። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተከተለ። ኮሌጆች ከበዙ ወዲህ ግን ለመማሪያ የሚሆን አስከሬን ከተማሪው ቁጥር ጋር አይመጣጠንም፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቆመው ተማሪ ብዙ ስለሆነ ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኞቹን ጀርባ ነው። የፕላስቲክ ሞዴልና የኮምፒውተር ምስል ይረዳሉ። የቲሹን ልስላሴና ጥንካሬ፣ የአንዱ ሰው አካል ከሌላው የሚለይበትን ሁኔታ ግን አያሳዩም። ከሞት በኋላ አካልን ለትምህርት መስጠት በእኛ ዘንድ የሚከብድ ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም የሃይማኖት አባቶችና የሕክምና ትምህርት ቤቶች አብረው በግልጽ ሊነጋገሩበት ይገባል።

መጻሕፍቱ አይጠፉም። እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ እየታደሰ የሚወጣው የግሬይ አናቶሚና ከ1956 ጀምሮ የሚታተመው የጋይተን ፊዚዮሎጂ ለሐኪም ተማሪዎች ናቸው፤ ጀማሪ ነርስ ከእነሱ ብትጀምር ትሰጥማለች። ለእሷ ሮስ ኤንድ ዊልሰን ይሻላታል። በአገራችን መምህራን በካርተር ሴንተር ድጋፍ የተዘጋጀው የማስተማሪያ ጽሑፍ ቀለል ያለ ነው። ኦፕንስታክስ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መጽሐፍ ደግሞ በነፃ ይገኛል፤ ኢንተርኔት ባለበት ሁሉ በስልክ ሊነበብ ይችላል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ኮርስ የሚያውቁት በሌላ መልክ ነው። ቀን በአረጋውያን መጦሪያ በነርስ ረዳትነት ሠርተው ማታ እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖርዘርን ቨርጂኒያ ባሉ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ይማሩታል። ከላቦራቶሪ ጋር ሁለት ሴሚስተር ይፈጃል፤ ነርሲንግ ለመግባት በሚደረገው ውድድርም ውጤቱ ይታያል። ብዙዎቹ ቋንቋውንና ከትምህርት ርቀው የቆዩባቸውን ዓመታት ይፈራሉ። ነገር ግን ከመደዳው ተማሪ የሚበልጡበት ነገር አላቸው። አልጋ ላይ የዋለን ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጣሉ። ስለ ቆዳ ሲማሩ፣ የወገብ አጥንትና ተረከዝ በፍራሹ ላይ ሲጫኑ መሐል ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደሚዘጉ፣ ቲሹውም ኦክስጅን አጥቶ እንደሚሞት ይረዳሉ። ለዓመታት በእጃቸው የሠሩት ነገር ምክንያቱ ያኔ ይገለጥላቸዋል።

አንድ ጉዳይ ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ በቂ ቦታ አላገኘም። የጤነኛ ሰው ልክ ተብለው የተጻፉት ቁጥሮች በአብዛኛው የተወሰዱት ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይሉ አገሮች ከሚኖሩ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሂሞግሎቢን ይጨምራል፤ የቲቤት ነዋሪዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሂሞግሎቢናቸውም ኦክስጅናቸውም በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በባሌ ደጋ የሚኖሩ ኦሮሞዎችን የጨመረ ጥናት ደግሞ በእነሱ ላይ ሂሞግሎቢን ከፍ ብሎ አገኘው። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ ሲመረመር የሂሞግሎቢን ልክ በከፍታ እንዲስተካከል ይመክራል። ያ ማስተካከያ ለሰሜን ተራራ ነፍሰ ጡርና ለባሌ ነፍሰ ጡር እኩል መሥራት አለመሥራቱ ኢትዮጵያውያን የፊዚዮሎጂ ተማሪዎች ላቦራቶሪያቸው ውስጥ ሊያነሱት የሚችሉት ጥያቄ ነው፤ ለመጀመርም የሂሞግሎቢን መለኪያ፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያና ፈቃደኛ የሆኑ የክፍል ጓደኞች ይበቃሉ።