በዘመነ ጸደይ ስለሚጠጣው ቀለል ያለ ቀይ ወይን

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ዘመን ጸደይ ይሉታል፤ በባሕረ ሐሳብ ቀመርም ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊትም ሆነ ከሚያዝያ 30 በኋላ ስለማይውል፣ ፋሲካ ምንጊዜም የጸደይ በዓል ነው። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የቦረና ደጋ የምንኖር ሰዎች የ55 ቀኑን ጾም ፈጽመን በዶሮ ወጥ የምንፈስክበት ይህ ወራት፣ ፈረንሳዮችም ከብርዳቸው ወጥተው ከባዱን ወይን በመተው ቀለል ያለውን ቀይ ወይን የሚያነሡበት ነው። ማዕዳችን የጠላና የጠጅ ማዕድ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ ለበዓል ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ የወይን ጠርሙስ ይዞ መምጣቱ እየተለመደ ስለ ሄደ፣ የዚህን ወይን ጠባይ ጥቂት ማስረዳት ይገባል።

ቀይ ወይን ቀለሙን የሚያገኘው በአብዛኛው ከጭማቂው ሳይሆን ከፍሬው ልጣጭ ነው፤ አፍን የሚያኮማትረውም ጣዕም ከልጣጩና ከዘሩ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ጭማቂው ከልጣጩ ጋር በቆየ መጠን ወይኑ እየጠቆረና እየከበደ ይሄዳል። ጠጅ ጥላ የምታውቅ እመቤት ይህን ለመረዳት አትቸገርም፤ ገሾው በጊዜው ካልወጣ ምሬቱ እንዴት እንደሚያይል ታውቃለችና።

የቀለል ያለው ወይን ዋና አገር ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን ያለው የቦዦሌ ኮረብታ ሲሆን፣ ፍሬው ጋሜ ይባላል። የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1395 ባወጣው ዐዋጅ ጋሜ ከግዛቱ ተነቅሎ እንዲጠፋ አዝዞ ነበር፤ ተክሉ ግን የቦዦሌ ግራናይት መሬት ተስማምቶት እስከ ዛሬ ጸንቶ ስለሚኖር፣ የመስፍኑ ፍርድ ትክክለኛ ነበር ለማለት አልደፍርም። አሠራሩም የሚደነቅ ነው፤ ዘለላው ሳይጨመቅ እንዳለ በተዘጋ ጋን ይገባና፣ የታችኛው ፍሬ በላዩ ክብደት ተጨፍልቆ ሲፈላ የሚወጣው አየር ጋኑን ስለሚሞላው፣ የላይኛው ፍሬ ገና ልጣጩ ሳይፈነዳ በውስጡ መብላላት ይጀምራል። ቀለሙ ቶሎ ይወጣል፤ ምሬቱ ግን በልጣጩ ይቀራል። በውድ የእንጨት በርሜል ለዓመታት ማቆየት ስለማያስፈልገው ዋጋው መጠነኛ ነው፤ ከዚሁ አገር ሞርጎን የሚባለው ከበድና ወደድ ሲል፣ ቦዦሌ ቪላዥ የተባለው ግን ለብዙ ሰው ኪስ ይስማማል። በሎዋር ሸለቆ ያለው የሺኖን ወይንም ከቀለል ያሉት ወገን ይቈጠራል።

ለዶሮ ወጥ የሚሻለው ለምንድን ነው? የበርበሬ ማቃጠል በከባድ ወይን ምሬትና በአልኮሉ ብርታት ይባባሳል፤ ቀለል ያለውና ቀዝቀዝ ያለው ግን አፍን ያጥባል። ባለፈው ፋሲካ አንዱን ጠርሙስ ከምንጭ በተቀዳ የባልዲ ውሃ ለአንድ ሰዓት አኑሬ ስቀዳው፣ ጣቴን ከብርጭቆው ጀርባ ባደርገው በቀዩ ውስጥ ጠርቶ ይታይ ነበር፤ ወጡንም ቀምሶ በላዩ የጠጣ ሁሉ ብርጭቆውን ዳግመኛ አቀረበ።

አባቶቻችን ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ወይና ደጋ ብለው በወይን ስም መሰየማቸው ያለ ምክንያት አይደለም። መካነ ሰላም 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ከዚህ ክልል በላይ ናት፤ የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ ግን 1640 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በዝዋይ፣ ጉማሬ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ አስቈፍሮ፣ የፈረንሳይን ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቅርቧል። ሪፍት ቫሊ ከሚባሉት ጠርሙሶቹ መካከል ሜርሎ የተባለው ከሲራውና ከካበርኔ ሶቪኞኑ ይልቅ ለስለስ ይላል። ስለዚህ ቦዦሌ ያጣ አንባቢ ሜርሎውን ይያዝ፤ ዶሮው ከምድጃ ከመውረዱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎም ጠርሙሱን በቀዝቃዛ ውሃ ያኑረው።