ስልኩ «ድብርት አለብህ» ሲል
በቴሌግራም የሚዘዋወረውን መጠይቅ ሞልታችሁ «14 አመጣሁ፣ ምን ይሻለኛል?» ለምትሉኝ የደባርቅና የዳባት ልጆች።

መጠይቁ ፒኤችኪው-9 ይባላል። 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። የሚጠይቀው ስላለፉት 2 ሳምንታት ብቻ ነው። 10 እና ከዚያ በላይ «ባለሙያ ይየው» ማለት እንጂ «ታመሃል» ማለት አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ጥናት በዚሁ 10 ነጥብ ድብርት ካለባቸው 100 ሰዎች 86 ያህሉን ለይቷል፤ ከሌለባቸው 100 ደግሞ 33 ያህሉን ያለ በሽታቸው ጠርጥሯል። የአጨዳ ሰሞን ድካም፣ ደም ማነስ፣ ትኩስ ሐዘን፣ ሁሉም ነጥቡን ከፍ ያደርጉታል።

ዝቅተኛ ነጥብም ዋስትና አይሆንም። ስንቱ ተፈናቅሎ፣ ቤተሰቡን ቀብሮ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል! እንዲህ ያለው ሰው ዜሮ ሞልቶ ይወጣል።

9ኛው ጥያቄ ግን ለብቻው ይታያል። ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ ላይ ከዜሮ በላይ ከሞላችሁ፣ ድምሩ 4 እንኳ ቢሆን፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ብቻችሁን አትደሩ። ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ጸበል የጀመራችሁም የታዘዘላችሁን መድኃኒት አታቋርጡ።