ሪያሊቲ ሾውና ውክልና፦ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የተነሣ ዳሰሳ

ዳባትና ደባርቅ ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች በሚያወጣው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ይህ የወገራና የሰሜን አገር ለብዙ መቶ ዓመታት የቤተ እስራኤል መኖሪያ ነበር። በቴሌቪዥን ውድድሮች ስለሚታየው የዘርና የብሔር ውክልና ሲነሣ የዚህ ማኅበረሰብ ታሪክ ብዙ ያስተምራል።

ጉዳዩ ሰፊ ክርክር ያስነሣው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሰርቫይቨር» የተባለው የቴሌቪዥን ውድድር ተወዳዳሪዎቹን ጥቁር፣ ነጭ፣ እስያዊና ላቲኖ ብሎ በአራት ቡድን በመክፈሉ ብርቱ ነቀፋ ገጠመው። በ2020 ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ከሪያሊቲ ሾው ተወዳዳሪዎቹ ቢያንስ ግማሾቹ ነጭ ካልሆኑ ማኅበረሰቦች እንዲሆኑ ወሰነ። በዓመቱ «ቢግ ብራዘር» በ23ኛው መደበኛ ዙሩ የመጀመሪያውን ጥቁር አሸናፊ አገኘ።

የኢትዮጵያ ልጆችም በባዕድ አገር መድረኮች ድል አድርገዋል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደችው ሳራ ኑሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀርመንን የሞዴሎች ውድድር አሸነፈች። ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን በ2010 «ቶፕ ሼፍ ማስተርስ» በተባለው የምግብ አብሳዮች ውድድር ቀዳሚ ሆነ።

በእስራኤል የሆነው ግን የተለየ ክብደት አለው። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ወደዚያ ተሻገሩ። ከማኅበረሰቡ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2011 ሃጊት ያሶ «ኮኻቭ ኖላድ» የተባለውን የድምፃውያን ውድድር፣ በ2013 ታሁኒያ ሩቤል የእስራኤሉን «ቢግ ብራዘር»፣ በ2018 ኤደን አለነ «ኤክስ ፋክተር»ን አሸነፉ። ኤደን በ2021 በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር እስራኤልን ወክላ ዘፈነች። ቤተ እስራኤላውያን ከአገሪቱ ሕዝብ 2 በመቶ አይሞሉም፤ ስለዚህ እነዚህን ወጣቶች ለድል ያበቃቸው ከወገናቸው ውጭ ያለው ተመልካች የሰጣቸው ድምፅ ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2015 ፖሊስ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሲደበድብ በመታየቱ የማኅበረሰቡ ወጣቶች አደባባይ ወጥተው ስለ መድልዎ ጮኸዋል። የመድረክ ድል በጎዳና ላይ ያለውን በደል አላስቀረም።

በአገራችን «ኢትዮጵያን አይዶል» በር ከፈተ፤ የአብርሃም ወልዴ «ባላገሩ አይዶል» እና «ፋና ላምሮት» ተከተሉ። «ባላገሩ አይዶል»ን ያሸነፈው ዳዊት ጽጌ በ2012 ዓ.ም. «የኔ ዜማ» የተሰኘውን አልበሙን አወጣ። መድረኮቹ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆነዋል። የውድድሩ ሥርዓት ግን የራሱ ወንፊት አለው። ለብቻ የሚዘፍን ሰው ብቻ በሚመዘንበት መድረክ የዶርዜ ሕዝብ በብዙ ድምፅ እየተቀባበለ የሚያዜመው ጥበብ ቦታ አያገኝም። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝት የሠለጠነ የዳኛ ጆሮ የአኙዋክን ወይም የጉሙዝን ዜማ በምን ይመዝነዋል?

አማርኛ ተናጋሪው የደባርቅ ገበሬም በቋንቋው ብቻ ተወከለ ሊባል አይችልም። ዋና ዋናዎቹ ስቱዲዮዎች ያሉባት አዲስ አበባ ከደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገዱን አስጊ አድርጎታል። የታወቀ ዘፈን አስመስሎ መዝፈን በሚያስመሰግንበት ውድድር፣ ግጥሙን እዚያው የሚፈጥረው ባለ መሰንቆ አዝማሪ፣ ዋሽንት የሚነፋው እረኛና ቀረርቶ አውራጁ ሞያቸውን የሚያሳዩበት ዙር ያስፈልጋቸዋል።

ውክልና የሚወሰነው የመድረኩ መብራት ከመብራቱ በፊት ነው፤ ማን ለፈተና እንደሚደርስ፣ በየትኛው ቋንቋና ዜማ እንደሚፈተን፣ ማን እንደሚዳኘው ሲወሰን። ስለዚህ አዘጋጆች ሆይ፣ ሰላም ሲፈቅድ ፈተናውን እስከ ዳባትና ደባርቅ አድርሱት፤ የየአካባቢውን ዜማ የሚያውቁ ዳኞች ሰይሙ፤ ለቡድን ዜማና ለአዝማሪ ቅኔ የራሱን ዙር ክፈቱ። ተመልካችም ድምፁን ሲሰጥ ችሎታን ይምረጥ እንጂ የትውልድ መንደርን አይቁጠር።