የእፉኝት ልጅ አልበላም ሲል

ፊሳልጎስ የተባለው ጥንታዊ የእንስሳት መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግእዝ ከተመለሰ ወዲህ እፉኝት ክፉ ስም ወጥቶላታል፤ ልጆቿ የእናታቸውን ሆድ በልተው ይወጣሉ ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቢቲስ የሚባለው የእፉኝት ወገን እንቁላል አይጥልም፣ ልጆቹን በሕይወት ይወልዳል። ልጆቹም የአስኳል ስንቅ በሆዳቸው ይዘው ስለሚወለዱ እንደተወለዱ እናታቸው ቀርታ ትንኝም አያስፈልጋቸውም።

በባሌ ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ ተሻግሮ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ የሐረና ጫካን ያቋርጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተመዘገበችው የባሌ እፉኝት ቢቲስ ሐረና የተባለችው በዚህ ጫካ ስም ነው። መነሻው አንድ የሙዚየም ናሙና ነበር፤ በሕይወት ያለች ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ፎቶ ተነስታለች። በ1977 እ.ኤ.አ. የተመዘገበችው የምዕራቡ ደጋ ዘመዷ ቢቲስ ፓርቪኦኩላ ግን ውጭ አገር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ትዋለዳለች። መርዛማ ናትና የሚቀርቧት ሙያተኞች ብቻ ናቸው፤ ቤቱ ሊያሳድግ ያማረው ሰው ይቅርበት። መርዝ የሌላቸውን የሚያሳድጉም ቢሆኑ የሚገጥማቸው ችግር ያው ነው፦ ሕፃኑ እባብ አልበላም ይላል።

እምቢታው ምክንያት አለው። አንዱ ብርድ ነው። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው፤ በጎባ ሌሊት ብርድ ቢያድር የዋጠው ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል እንጂ አይፈጭለትም። ስለዚህ ከሣጥኑ አንዱ ጥግ ይሞቃል፣ ሌላው ቀዝቀዝ ይላል፣ እሱም ይመርጣል። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ሰፊ ሣጥን ለሕፃን እባብ ሜዳ ላይ እንደ መጣል ነው። ጠበብ ያለ ቤት፣ ሰውነቱን ግጥም አድርጎ የሚይዝ መደበቂያ፣ ከዚያም አምስት ስድስት ቀን ማንም ሳይነካው መተው ብዙ ጊዜ ያለ ሌላ ዘዴ ይፈውሳል።

ዋናው ብልሃት ግን ሽታ ላይ ነው። በዱር ብዙ ትንንሽ እባቦች የሚጀምሩት በእንሽላሊትና በእንቁራሪት ነው፤ ሰው የሚያቀርብላቸው ፀጉር ያላበቀለ የአይጥ ግልገል ምግብ አይመስላቸውም። አሳዳጊው ሞቶ የቀዘቀዘውን ግልገል ለብ ባለ ውሃ ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ እንሽላሊት ላይ ያሸዋል። ከዚያ በረጅም መቆንጠጫ እንደ ሕያው ያንቀሳቅሰዋል፤ ካልተሳካም ማታ መደበቂያው ደጃፍ አስቀምጦ መብራቱን አጥፍቶ ይሄዳል። ብዙዎቹ ሰው ሲያያቸው አይበሉም።

ጀማሪ ግን ይቸኩላል። ሕፃን እንደሚጋት ሁሉ አፉን ከፍቶ ሊግተው ይነሳል። በእኔ እምነት ይህ ክብደቱ በየሳምንቱ ተመዝኖ እየቀነሰ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ በሚያውቅ እጅ ብቻ የሚደረግ ነገር ነው፤ ድንጋጤው ራሱ ቀጣዩን ምግብ ያስጠላዋልና።

ከዋጠም በኋላ ሁለት ቀን አይነካም። ያኔ በደስታ ካነሱት የበላውን ይተፋዋል፤ ሥራውም እንደገና ከሀ ይጀመራል።