የቤት ግብር የመጣል ሥልጣን የማን ነው?

አንድ ከተማ በነዋሪዎቹ ብዛት ብቻ ከተማ አይባልም። መንገዱ ሊጠገን፣ የጎርፍ መውረጃው ሊጸዳ፣ ቆሻሻው ሊነሣ፣ ሌሊቱም መብራት ሊያገኝ ይገባዋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ በቤትና በቦታ ላይ የሚጣል ግብር ነው። ሸቀጥ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወራል፤ ነጋዴም አገር ይለውጣል፤ ቤት ግን ከቆመበት አይንቀሳቀስም። ስለዚህም በብዙ አገሮች የቤት ግብር የከተማ አስተዳደሮች ገቢ ነው።

በኢትዮጵያ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ንብረት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ደግሞ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር የሚከፈልበትን ሥርዓት ደነገገ። የቤቱ ግብር የሚታሰበው ቤቱ በዓመት ሊያስገኝ ይችላል ተብሎ በተገመተው ኪራይ ላይ ነበር። ሕዝቡም «የጣራና ግድግዳ ግብር» ይለዋል። ዘመን ባለፈ ቁጥር የቤት ዋጋ ሲንር ግምቱ ግን ለረጅም ጊዜ ባለበት ስለ ቆየ፣ ገቢው ከከተሞች ፍላጎት ጋር ሊመጣጠን አልቻለም።

ታዲያ በንብረት ላይ አዲስ ግብር ለመጣል ሥልጣን ያለው ማን ነው? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ክልሎች ከግል ቤቶች በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር እንዲጥሉ ይፈቅዳል፤ በንብረቱ በራሱ ላይ ስለሚጣል ግብር ግን ለይቶ አልተናገረም። እንዲህ ያለ ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን ሲያጋጥም፣ በአንቀጽ 99 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ። ሁለቱ ምክር ቤቶች በ2015 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለክልሎች ሰጡ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ።

ነገሩ የሕግ ቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ግብር የሚታሰብበት ዋጋ 1,000,000 ብር የሆነ ቤት ብንወስድ፣ ምጣኔው 0.1 በመቶ ሲሆን የዓመቱ ግብር 1,000 ብር፣ 1 በመቶ ሲሆን ግን 10,000 ብር ይሆናል። በጡረታ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ከወላጆቻቸው በወረሱት ቤት ይኖሩ ይሆናል። የቤቱ ዋጋ ሲጨምር ጡረታቸው አብሮ አይጨምርም፤ ከግድግዳውም ቆርሰው ግብር አይከፍሉም።

ስለሆነም ግብር የሚጥል አካል ሥልጣኑን ከሕግ ማግኘት፣ ግምቱን በግልጽ ማሳወቅ፣ የከፋዩንም አቤቱታ መስማት ይኖርበታል። ከፋዩም በበኩሉ በሕግ የተወሰነበትን በወቅቱ መክፈል፣ ገንዘቡ በምን ሥራ ላይ እንደ ዋለም መጠየቅ ይገባዋል።