ማን ሠራው? መቼ? የት?

በሥነ ጥበብ ታሪክ የመረጃ ቋት ውስጥ የአንድ ሥዕል አሠራር መዝገብ ሠዓሊውን፣ ዘመኑን፣ ቦታውንና ቁሱን ይይዛል። ከሁሉ አስቸጋሪው ሠዓሊው ነው። በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው የማርያም ሥዕል የሠዓሊው የፍሬ ጽዮን ስም ስለተጻፈበት በስሙ በቀጥታ ይመዘገባል። በአሣሣል ብቻ የሚመሳሰሉት ግን “የፍሬ ጽዮን ነው ተብሎ የሚገመት” ወይም “የተከታዮቹ ሥራ” መባል አለባቸው፤ ይህን ልዩነት መዝለል ግምትን ማስረጃ ያስመስላል።

በሥዕሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንም ስለሚጠቅስ የሥዕሉ ዘመን የንጉሡን የግዛት ዘመን ተከትሎ በሁለት ቁጥር ይገባል፦ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.። ለአንባቢ “15ኛው መቶ ዘመን” ይበቃዋል፤ ቁጥሮቹ ለፍለጋ ናቸው። የዘመን አቆጣጠሩ ካልተገለጸ ግን 7 ወይም 8 ዓመት ይዛባል።

ቁሱ ይቀላል፦ በእንጨት ላይ የተሣለ። ቦታው ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ሥዕሉ ዛሬ የሚገኝበትና የተሠራበት ቦታ በተለያየ መስክ ይመዝገቡ።