የሞተር እሳት ጊዜውን እንዲጠብቅ

በቤንዚን የሚሠራ አውቶሞቢል ለመንቀሳቀስ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነዚህም ቤንዚን፥ አየርና እሳት ናቸው። ስለ ቤንዚኑ ሁሉም ሰው ያስባል፥ ዋጋው ራሱ ያሳስበዋልና። ስለ እሳቱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያድለው ዕቃ፥ ማለት ዲስትሪቢዩተር፥ ለጥገና ከወጣ በኋላ እንዴት ተመልሶ እንደሚገባና ጊዜው እንዴት እንደሚስተካከል በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ አስቤአለሁ። ለምሳሌ የመረጥሁት የዱሮውን ቮልስዋገን ነው። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ቢሆንም፥ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም ይታያል፤ ሞተሩም ለተማሪ ግልጽ ነው።

በመጀመሪያ «ጊዜ» የተባለው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ብዙ ሰው ካንዴላው የሚተኩሰው ፒስቶኑ የጉዞው ጫፍ በደረሰበት ቅጽበት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቤንዚንና አየር የተቀላቀለበት ጋዝ በአንድ ጊዜ አይነድም፤ እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ በደረቅ ሣር ላይ እንደሚሄድ እሳት እየተዛመተ ይሄዳል። ለዚህም አንድ ሴኮንድ ለሺሕ ቢከፈል ሁለት እጅ ያህል ጊዜ ይወስድበታል። ይህ ከምንም የማይቈጠር ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር አንድ ዙር የሚፈጀው የሴኮንድ ሺሕኛ 20 እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ እሳቱ እስኪዛመት ድረስ ሞተሩ የዙሩን አንድ አሥረኛ፥ ማለት 36 ዲግሪ፥ ይሄዳል። እንግዳ ደጃፍ ሲደርስ ሳይሆን ከመድረሱ አስቀድሞ ጀበናው እንደሚጣድ ሁሉ፥ ብልጭታውም ፒስቶኑ ጫፍ ሳይደርስ መምጣት አለበት።

ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ብዙ መቅደም አያስፈልግም። ፋብሪካው ለብዙዎቹ የ1300 ቮልስ ሞተሮች 7.5 ዲግሪ፥ ለ1200ው ደግሞ 10 ዲግሪ እንዲቀድም አዟል፤ በሞተሩ ዓመትና በዲስትሪቢዩተሩ ዓይነት ስለሚለያይ የራስን ሞተር መጽሐፍ ማየት ይገባል። ፍጥነት ሲጨምር ተጨማሪውን የሚያስቀድመው ዲስትሪቢዩተሩ ራሱ ነው፤ እንደ ዓይነቱም በውስጡ ባሉ ክብደቶች መወርወር ወይም ከካርቡራተር በሚመጣ የአየር ስበት ይሠራል። የእኛ ድርሻ መነሻውን በትክክል ማስያዝ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ማርሹ ነጻ ይሁን። ክዳኑን አንሥቶ የሞተሩን ፑሌጃ በሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ፥ በፑሌጃው ላይ የተቈረጠችው ትክክለኛዋ ምልክት የሞተሩ አካል ሁለት ግማሾች ከሚጋጠሙበት መስመር ጋር እንድትገናኝ ማድረግ ነው። በዚያን ጊዜ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትዞረው ሮተር በከንፈሩ ላይ ወዳለችው ጭረት ካመለከተች ተራው የ1ኛው ሲሊንደር ነው። ካላመለከተች አንድ ሙሉ ዙር ማዞር ያስፈልጋል፤ ፑሌጃው ሁለት ጊዜ ሲዞር ሮተሯ የምትዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና። ዲስትሪቢዩተሩ ሳይወጣ በፊት በእርሱና በሞተሩ አካል ላይ በካቻቢቴ ጫፍ ትይዩ ጭረት ማድረግ መልካም ነው። ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ የግማሽ ቀን ድካም ታድናለች።

በቮልስ ላይ ደስ የሚለው ነገር፥ የዲስትሪቢዩተሩ እግር ጥርስ ከመካከል ትንሽ ወደ ጐን የተሠራ በመሆኑ በአንድ አኳኋን ብቻ መግባቱ ነው። የሚያዞረው ዘንግ በሞተሩ ውስጥ ስለሚቀርም፥ ዲስትሪቢዩተሩ ወጥቶ ሳለ ሞተሩ ቢዞር እንኳ መተዋወቃቸው አይጠፋም። በሌሎች ብዙ ሞተሮች ግን ጥርሱ በራሱ በዲስትሪቢዩተሩ እግር ላይ ነው፤ አግድም የተቈረጠ ጥርስ ስለ ሆነም ሲገባ ሮተሯን ያዞራታል። ስለዚህ በሚገባበት ጊዜ ሮተሯን ጥቂት ወደ ኋላ አዙሮ መጀመር ግድ ይሆናል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ዲስትሪቢዩተሩ በወጣበት ሞተሩ ከዞረ ደግሞ የ1ኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፈትቶ፥ ቀዳዳውን በአውራ ጣት ደፍኖ ሞተሩን በእጅ ማዞር ነው። ጣትን ገፍቶ የሚወጣ አየር ሲመጣ ፒስቶኑ ጋዙን በሚጨምቅበት ጉዞ ላይ ነው። ምልክቱ ጭሱ በሚወጣበት ጉዞም ስለሚገጥም፥ ይህን ሳይለዩ የገጠሙ እንደ ሆነ ሞተሩ በካርቡራተር በኩል ይተኩሳል እንጂ አይነሣም።

ዲስትሪቢዩተሩ ገብቶ የመቈንጠጫው ብሎን ገና ሳይጠብቅ፥ ኮንታክቱ ይለካል። ኮንታክት የምንላቸው ተገናኝተው ሲለያዩ ብልጭታውን የሚያስነሡት ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ናቸው። በቮልስ ላይ ሲከፈቱ ክፍተታቸው 0.4 ሚሊሜትር ነው። ይህ ከጊዜው ማስተካከል በፊት መሠራት አለበት፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ኮንታክቱ ቀድሞ ስለሚከፈት ያስተካከሉትን ጊዜ ያበላሸዋልና።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው አንዲት ትንሽ አምፑልና ሁለት ሽቦ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አንዱን ሽቦ ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ቀጭኑ ሽቦ በሚነሣበት ጫፍ ላይ፥ ሌላውን ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ ያስሩና ቁልፉን ይከፍቷል። ኮንታክቱ ሲዘጋ አምፑሉ ይጠፋል፥ ሲከፈት ይበራል። ምልክቱ በመስመሩ ላይ እንዳለ ዲስትሪቢዩተሩን መጀመሪያ በሰዓት አቅጣጫ አምፑሉ እስኪጠፋ፥ ቀጥሎ በተቃራኒው በጣም በቀስታ አምፑሉ እስኪበራ ድረስ ያዞሩታል። በበራበት ቅጽበት እጅን መግታትና ብሎኑን ማጥበቅ ነው። ለማረጋገጥ ፑሌጃውን ሁለት ዙር አዙሮ፥ አምፑሉ ምልክቱ መስመሩን በነካበት መብራቱን ማየት ይገባል። ቁልፉን ከፍቶ መዘግየት ግን ኮይሉን ያሞቀዋል። የካንዴላዎቹም ሽቦዎች በክዳኑ ላይ በሰዓት አቅጣጫ 1፥ 4፥ 3፥ 2 እየተባለ ይገባሉ።

አንዳንድ መካኒክ ይህን ሁሉ ትቶ ሞተሩን ያስነሣና ዲስትሪቢዩተሩን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ድምፁ ደስ ባለው ቦታ ላይ ያስረዋል። የእነዚህን ሰዎች ጆሮ አላቃልልም፥ ብዙ ሌላ በሽታ በድምፅ ብቻ ሲያውቁ አይቻለሁና። ለዚህ ሥራ ግን ጆሮ ያሳስታል። ጭነት የሌለው ሞተር እሳቱ ሲቀድም ፍጥነቱ ይጨምራል፥ ድምፁም ያምራል፤ ስለዚህ ጆሮ ዘወትር ወደ መቅደም ይመራል። እሳቱ ከልክ በላይ የቀደመ እንደ ሆነ ጋዙ ፒስቶኑ ገና እየገሰገሰ ሳለ ይፈነዳል፤ ያ ድምፅ እንደ ጠጠር ኳኳታ ነው፥ እየቆየም ፒስቶኑን ይበሳል። በቮልስ ላይ ደግሞ የማቀዝቀዣው አየር መንፊያ ጩኸት ይህን ኳኳታ ይሸፍነዋል።

በእኛ አገር ሌላ ምክንያትም አለ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው ጋዝ ስለሚሳሳ የቀደመ እሳት እዚህ ብዙም ሳይጐዳ ሊቆይ ይችላል። ያው መኪና ቤተሰብና ዕቃ ጭኖ ወደ 1,200 ሜትር ግድም ወዳለችው ድሬዳዋ በቆላው ሙቀት ሲጓዝ ግን አየሩ ይከብዳል፥ ሞተሩም ይግላል፤ ያን ጊዜ በከተማ ያልተሰማው ጕዳት በሜዳ ላይ ይገለጣል። በከፍተኛ ቦታ ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ወደ ቆላ ሲወርድ በትክክል ሊመልሰው የሚችለው ምን ያህል እንዳስቀደመ በምልክቱ የሚያውቅ ሰው ነው። ከልክ በላይ የዘገየ እሳትም ደህና አይደለም። ጋዙ እየነደደ ወደ ጭስ ማውጫው ስለሚወጣ ቫልቮቹ ይቃጠላሉ፥ ቤንዚንም ያለ ጥቅም ያልቃል።

አዲስ ኮንታክት የገባለት ሞተር ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላ እንደገና መታየት አለበት። ኮንታክቱን የምትገፋው ትንሽ እግር እየተሸረሸረች ክፍተቱን ስለምታጠበው እሳቱ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይዘገያል፤ ነጂውም መኪናው ዳገት ላይ እስኪደክም ድረስ አያስተውለውም።